ከቀዩ መስመር በታች፦ የሸክላ ሙዚቃችንና የድምፅ መጠኑ ታሪክ

አምደወርቅ ውስጥ፣ አጎቴ አልጋ ሥር፣ አንድ የእንጨት ሳጥን አለ። ውስጡ 31 ሸክላዎች ነበሩ። አሁን 30 ናቸው። አንዷን ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

አጎቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሸክላዎቹን የገዟቸው ከ1963 እስከ 1967 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ለሥልጠና ደሴና አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር ነው። ያኔ አምደወርቅ መብራት አልነበራትም። ማጫወቻው የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ሸክላው ይዘገያል፤ ዘፋኙም እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ቃሉን ይጎትታል። ሳጥኑ በ77ቱ ረሃብም፣ ከዚያ በኋላ በመጣው ጦርነትም፣ ከ2013 እስከ 2015 በነበረውም አልፏል። አንዳንዴ ከጎታ ኋላ ተደብቆ፣ አንዳንዴ በአህያ ተጭኖ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ላፕቶፕና በዩኤስቢ የሚሰካ ሸክላ ማጫወቻ ይዤ ሄድኩ። የነበረኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ቸኩያለሁ። የቀረጻውን መጠን ከፍ አደረግኩት፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው ምልክት እየዘለለ ቀዩን ይነካል። ደስ አለኝ። «ድምፁ ሞልቶ እየገባ ነው» አልኩ። ስመለስ አንዷን ሸክላ ሰቆጣ ላለ ጓደኛዬ ላሳይ ብዬ ተዋስኳት። መኪናው ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር ረሳኋት። ፀሐዩ የቀረውን ሠራ። ስናገኛት እንደ ሰፌድ ጎብጣለች፤ መርፌ አይሄድባትም።

«ግድ የለም፣ ቅጂው አለ» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አዲስ አበባ ገብቼ ስከፍተው ግን ትራምፔቶቹ በገቡ ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቃል። ዘፋኙ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻክራል። ሸክላዋ ላይ እንዲህ አልነበረም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ አሁን ደግሞ ተመልሼ የምቀዳበት ሸክላ የለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ድምፅ ስንቀዳ ሁላችንም ለምን ወደ ቀዩ እንገፋለን? መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ልማዱ ታሪክ እንዳለው ነው። በየዘመኑ ድምፁን ወደ ላይ የሚያስገፋ በቂ ምክንያት ነበር። ምክንያት የሌለን የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን።

አምባ የሆነ ተራራ

መጀመሪያ ምን እንደተበላሸ እንይ።

ኮምፒውተር ድምፅን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። በሴኮንድ አሥር ሺዎች ጊዜ የድምፁን ከፍታ ይለካና ይጽፋል። መለኪያው ላይ የመጨረሻው ጣሪያ ዜሮ ዲሲቤል ይባላል፤ ሌላው ሁሉ ከዜሮ በታች ስለሆነ በኔጌቲቭ ይነበባል፦ −6፣ −12፣ −20። ከዜሮ በላይ የሚጻፍ ቁጥር የለም። ድምፁ ከዚያ ካለፈ ኮምፒውተሩ ያንኑ የመጨረሻ ቁጥር እየደጋገመ ይጽፋል። የድምፁ ሞገድ ጫፉ ተቆርጦ ሜዳ ይሆናል።

ዋግ ያደገ ሰው ምስሉን ለማየት አይቸገርም፦ አምባ ነው። ሹል የነበረው ተራራ አናቱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። ጆሮ ያንን ጠፍጣፋ የሚሰማው እንደ መሰንጠቅ፣ እንደ መሻከር ነው። የተቆረጠውን ጫፍ የሚጠግኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሥራቸው ግን ግምት ነው። ግራና ቀኙን አይተው «እዚህ ላይ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ይሞላሉ። ዋናው አልተመለሰም።

አማርኛችን እዚህ ጋ ብልህ ነው። ውሃም ይቀዳል፣ ዘፈንም ይቀዳል፤ ግሱ አንድ ነው። እንስራም ሸክላ ነው፣ ዲስኩም ሸክላ ነው። ወንዝ ወርዳ ውሃ የምትቀዳ ሴት እንስራውን አፉ ድረስ አትሞላውም። ገና ዳገቱ አለ። አፉ ድረስ የሞላ እንስራ ዳገቱ ላይ ጀርባ ያረጥባል፤ የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም።

ከጡሩምባው ፊት

የሸክላ ታሪካችን የሚጀምረው ከዛሬ 115 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን የሄዱት፣ በርሊን ውስጥ ድምፃቸውን አስቀዱ። (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለዓመታት የመሩት የይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው።) እነዚያ ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ2011 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆነው እንደገና ታትመዋል፤ ዛሬ ስልካችሁ ላይ ልታዳምጧቸው ትችላላችሁ።

ያኔ ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ አይውልም ነበር። ዘፋኙ የሚዘፍነው ትልቅ ጡሩምባ ውስጥ ነው። የድምፁ ግፊት በጡሩምባው ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑ መርፌውን፣ መርፌው ደግሞ ሰሙን ይፍቃል። ኤሌክትሪክ የለም፣ ከፍ ዝቅ የሚደረግ ማዞሪያ የለም። የድምፅ መጠን የሚስተካከለው በእግር ነው። ለስላሳው ላይ ወደ ጡሩምባው ጠጋ፣ ጩኸቱ ላይ ራቅ። ከራቁ ድምፁ በመርፌው ፍቅፋቂ ውስጥ ይሰምጣል፤ በጣም ከቀረቡ ቅጂው ይበላሽና ሰሙ ይጣላል።

ስለዚህ ጮክ ማለት የህልውና ጉዳይ ነበር። መሣሪያው ደንቆሮ ነው። በሹክሹክታ የዘፈነ ሰው ለታሪክ አልቀረም።

ዲስኮቹ የሚሠሩት ሸላክ ከሚባል ሙጫ መሰል ነገር ነበር። ሲወድቁ እንደ ሸክላ ይሰበራሉ፤ «ሸክላ» የሚለው ስም በልካቸው የተሰፋ ነው። የሚሽከረከሩት በደቂቃ 78 ጊዜ ገደማ ነው፤ ቦያቸው ሰፊ ስለሆነ በኋላ ለመጣው ቪኒል የሚሆነው መርፌ አይሆናቸውም። ከቤተሰብ ዕቃ ውስጥ ካገኛችሁ በአሁኑ መርፌ እንዳትሞክሯቸው።

ከ1925 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማይክሮፎንና ማጉያ ወደ ሸክላ ቀረጻ ገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የድምፅን መጠን በማዞሪያ የሚወስን ሰው መጣ። በ1954 ደግሞ የአሜሪካ የሸክላ ኢንዱስትሪ አንድ ወጥ ደንብ አወጣ፤ በኋላ ዓለም ሁሉ ተቀበለው። ባሱ እንዳለ ከተቀረጸ ቦዩን በጣም ያሰፋዋል፣ መርፌውንም ያዘልላል። ስለዚህ ሸክላው ሲቀረጽ ባሱ በብዛት ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ ሲጫወት ደግሞ ማጉያው በተቃራኒው ያስተካክለዋል። ጫፍና ጫፉ ላይ ልዩነቱ ወደ 20 ዲሲቤል ይጠጋል። ለዚህ ነው የሸክላ ማጫወቻን በቀጥታ ማይክሮፎን መሰኪያ ውስጥ ስትሰኩት ባስ የሌለው፣ የቆርቆሮ ድምፅ የሚወጣው። መሐል ላይ የሸክላ ማጉያ ያስፈልጋል። ከመርፌው የሚመጣው ኃይልም ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ትንኝ ነው።

የአምኃ ሸክላዎች

በ1940 ዓ.ም. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ለ20 ዓመታት ያህል ያንን የደፈረ አልነበረም። በ1969 (እ.ኤ.አ.) አምኃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ የሙዚቃ ነጋዴ ደፈረ። አለማየሁ እሸቴን ቀርጾ ቴፑን ወደ ሕንድ ላከ፤ ሸክላው ታትሞ መጣ። አምኃ ሬኮርድስ እንዲህ ተወለደ። በኋላ ማተሚያው ወደ ሊባኖስ ተዛወረ። ፊሊፕስ ኢትዮጵያ ተከተለ፣ ቀጥሎም በ«ዓሊ ታንጎ» ስም የሚታወቁት ዓሊ አብደላ ኬይፋ ኬይፋ ሬኮርድስን ይዘው መጡ። እስከ 1978 (እ.ኤ.አ.) ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ ከእነዚህ ቤቶች የወጡት ትንንሽ ሸክላዎች ወደ 500 ይጠጋሉ፤ ትልልቆቹ ወደ 30 ናቸው።

ቁጥሩን ልብ በሉ። 500 ብቻ። የአንድ ሀገር የዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የምንለው ነገር አንድ የቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል።

እነዚህ ሸክላዎች ባለ 7 ኢንች፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከሩ ናቸው። ባንዱና ዘፋኙ በጥቂት ማይክሮፎኖች ፊት አብረው ይጫወታሉ፤ ዘፋኙ ከስንት የነፋስ መሣሪያ ጋር ይታገላል። ቴፑ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ድምፁን ወደ ቦይ የሚቀርጸው ባለሙያ ያለው ሌላ አገር ነው። ትንሹ ሸክላ ደግሞ ቡና ቤት፣ ጫጫታ መሐል የሚጫወት ዕቃ ስለሆነ በየትም ዓለም ጮክ ተደርጎ የመቀረጽ ልማድ አለው። ገደብ ነበረበት፦ ዘፈኑ በረዘመ ቁጥር ቦዮቹ መቀራረብ አለባቸው፣ ቦዮቹ ከተቀራረቡ ደግሞ ድምፁ መቀነስ አለበት። ለዚህ ነው ከአንድ ሳጥን የወጡ ሁለት ሸክላዎች፣ አንዱ እየጮኸ ሌላው እያንሾካሾከ የሚመጡት። ለአንዱ ያስተካከላችሁት መጠን ለሌላው አይሠራም።

አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋው። አምኃ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያው ዓመት ኬይፋ የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» አወጣ። ትንሽ ቆይቶ የሸክላ ሕትመት ቆመ። የካሴት ዘመን ገባ።

የካሴት ልማድ

የቀዩ መብራት ፍቅራችን የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ዘመን ይመስለኛል።

ካሴት ሁልጊዜ «ሽሽሽ» የሚል የራሱ ድምፅ አለው። ዘፈኑን ዝቅ አድርገህ ከቀዳህ፣ ስታዳምጥ ድምፁን ትጨምራለህ፣ ሽሽታውም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ብልህ ቀጂ መርፌዋ ወደ ቀዩ ጫፍ እስክትጠጋ ድረስ ይገፋል። ቴፕ ደግሞ ሆደ ሰፊ ነው። ከመጠን ሲያልፍ በአንዴ አይቆርጥም፤ ቀስ እያለ ይጨመቃል፣ እንዲያውም ትንሽ ይሞቃል። ካሴት ከካሴት ሲቀዳ፣ ያም ለሌላ ሰው ሲቀዳ፣ በየደረጃው ሽሽታው ይደራረባል። ሙዚቃ ቤት ካሴት ያስቀዳ ትውልድ «ድምፁ ከፍ ይበል!» ሲል ልክ ነበር።

ያ ልማድ ነው ከአባቶቻችን የወረስነው። ያወረሱን ግን ለሌላ መሣሪያ የተሠራ ጥበብ ነው። ዲጂታል ሆደ ሰፊ አይደለም። እስከ ዜሮ ድረስ ሁሉን ይቀበላል፤ ከዜሮ በላይ ግን በቢላ ይቆርጣል።

ከካሴት በኋላ ሲዲ መጣ። «ኢትዮፒክስ»ን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የአምኃንና የኬይፋን ሸክላዎች በሲዲ ለዓለም አሰማ። የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ በ2005 (እ.ኤ.አ.) በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ሲሰማ፣ ብዙ የውጭ ሰው የሰማው ከእነዚያ ጥቂት መቶ ሸክላዎች ዘመን የተረፈን ድምፅ ነው። በዚያው ወቅት ደግሞ የዓለም ሙዚቃ ሌላ በሽታ ያዘው፦ ሁሉም የኔ ሲዲ ከጎረቤቴ ይጩህ እያለ ድምፁን እየጨመቀ ጣሪያ ላይ ለጠፈው። ዛሬ ያም ትርጉም አጥቷል። ዩቲዩብና ስፖቲፋይ በጣም የሚጮኸውን ዘፈን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል። የተቆረጠው ጫፍ ግን አይመለስም፤ ዝቅ ያለ የተሰነጠቀ ድምፅ ሆኖ ይቀራል።

ስንት ይበቃል?

እሺ፣ ቤታችሁ ሸክላ አለ እንበል። ስትቀዱ መጠኑ የት ጋ ይሁን?

ቀላሉ መልስ ይኸው፦ የዘፈኑ ከፍተኛ ቦታ ከ−12 እስከ −6 ዲሲቤል ባለው መሐል ይምታ። «ዝቅ አለ» እንዳትሉ፤ ሒሳቡን ላሳያችሁ። ጥሩ ሸክላ፣ ጥሩ መርፌ ቢኖር፣ በዝምታውና በጩኸቱ መሐል ያለው ርቀት 60 ወይም 70 ዲሲቤል ገደማ ነው። ባለ 16 ቢት ቀረጻ 96 ይይዛል። ባለ 24 ቢት ደግሞ በስሌት 144። እያንዳንዱ ቢት ወደ 6 ዲሲቤል ነው። በ24 ቢት ቀድታችሁ ላይኛውን 12 ዲሲቤል ባዶ ብትተዉት፣ ከሸክላው አቅም እጥፍ ገደማ የሆነ ቦታ አሁንም አላችሁ። የምትከስሩት ነገር የለም። ካሴት ሽሽታ ነበረው፤ እዚህ ያ ሽሽታ የለም። የሸክላው የራሱ ፍቅፍቅታ ከኮምፒውተሩ ጸጥታ እጅግ ይበልጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሸክላውን አጽዱት። ለመለካት መግቢያውን አትስሙ፤ ብዙ ጊዜ መግቢያው ዝቅ ያለ ነው። ትራምፔትና ሳክስፎኑ አብረው የሚገቡበትን፣ ዘፋኙ አዝማቹን የሚያነሳበትን ፈልጉና መጠኑን በዚያ አስተካክሉ። ከዚያ ከመጀመሪያው ቅዱ፤ መሐል ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ነገር ካለ አጥፉት። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን።

ጭረት ያለበት ሸክላ «ጧ!» ሲል ቀዩን ቢነካ አትደንግጡ። ጭረቱ ሙዚቃ አይደለም፤ ቢቆረጥም ቢቀር አይጎዳም። መለኪያችሁ ዘፈኑ ነው። ሌላም አለ፦ መለኪያው −8 ላይ እያለ ሞገዱ አምባ ሆኖ ካያችሁት፣ የተቆረጠው ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ፣ ማጉያው ውስጥ ነው። በኮምፒውተሩ መቀነስ አያድነውም፤ ከምንጩ ቀንሱት። በተቃራኒው፣ የሸክላው መጨረሻ አካባቢ ድምፁ ትንሽ ቢሻክር ጥፋቱ የናንተ ላይሆን ይችላል። የትንሹ ሸክላ ቦይ መጀመሪያው ላይ ከመርፌው ሥር በሴኮንድ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ያልፋል፤ መሐሉ ጋ ሲደርስ ወደ 25 ይወርዳል። ያንኑ ድምፅ በጠባብ ቦታ ማጨቅ ነው።

የመጀመሪያውን ቅጂ እንዳለ፣ ሳይነካ አስቀምጡት። ለቴሌግራም የምትልኩትን ከዚያ ላይ ሌላ ቅዱና እሱን እንደፈለጋችሁ ከፍ አድርጉት። ዝቅ ያለ ንጹሕ ቅጂን ነገ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የተቆረጠን መቀጠል አይቻልም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ያልቃል።

ይህ የሸክላ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጥቂት ሰብሳቢዎች በተውኩት ነበር። ግን በአጎቴ ሳጥን ውስጥ በኽምጣንጋ የተዘፈነ አንድም ሸክላ የለም። ዋግ ውስጥ ዛሬ ብዙ ሰው የራሱን ዘፈን የሚቀዳው በስልክ ነው። ሰርግ ላይ ልጆቹ ስልካቸውን ሞንታርቦው አፍ ላይ ደቅነው ይቀርጻሉ። ቅርብ ስለሆነ ጥሩ የሚገባ ይመስላቸዋል። የሚገባው ግን አምባ ብቻ ነው። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቢሉ፣ ነጋድራስ ተሰማ ጡሩምባው ፊት እንዳደረጉት፣ የአሮጊቷ ቃል ተለይቶ ይሰማ ነበር። እነዚያ የስልክ ቅጂዎች የዛሬ 50 ዓመት የአንድ ሰው ሳጥን ናቸው።

30ዎቹ

ባለፈው ዓመት ወደ አምደወርቅ ተመለስኩ። በዚህኛው ጉዞ ሳምንት ነበረኝ። 30ዎቹን አንድ በአንድ አጠብኩ፤ ለእያንዳንዱ መጠኑን ለየብቻ ለካሁ። አንዱም ቀዩን አልነካም። የጎበጠችዋን ሸክላ አጎቴ አልጣሏትም፤ ሳጥኑ ውስጥ ከላይ ተቀምጣለች። ስለሷ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ይህ ከቁጣ ይብሳል።

ማታ የቀዳሁትን በትንሽ ስፒከር አሰማኋቸው። ጥቂት አዳመጡና ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«አንሷል» አሉ። «አይሰማም እኮ።»

ስፒከሩን አቀበልኳቸውና ማዞሪያውን አሳየኋቸው። ራሳቸው አዞሩት። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ትራምፔቶቹ ገቡ፤ አልተሰነጠቁም። ከመግባታቸው በፊት፣ አንድ ሰው ትንፋሽ ሲስብ ተሰማ።

አጎቴ እጃቸውን ከማዞሪያው ሳያነሱ «ይሄ ትንፋሽ ድሮም ነበረ?» አሉኝ።

ነበረ።